የማግሥቱ ቤት፤ የእግር ኳስ እንግዶች ከሄዱ በኋላ በአዲስ አበባ ቤቶች ስለሚታየው ሥራና ልማድ

የሕዝብን ልማድ የሚመረምሩ ሰዎች ስለ ሠርግ፣ ስለ ለቅሶ፣ ስለ ማኅበርና ስለ ዝክር ብዙ ጽፈዋል። ድንኳኑ እንዴት እንደሚተከል፣ መሶቡ በማን ፊት እንደሚቀርብ፣ ጠላው በማን እጅ እንደሚቀዳ በዝርዝር ይነገራል። ነገር ግን ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ከእንግዶቹ አንዱ ሆኖ ገብቶ ከእንግዶቹ ጋራ ስለሚወጣ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሆነውን አያይም። ድስቱን ማን አጠበው፣ ከጎረቤት የመጣው ወንበር መቼ ተመለሰ፣ የተረፈው እንጀራ ምን ሆነ፣ የቤቱ ሠራተኛ በስንት ሰዓት ተኛች የሚሉት ጥያቄዎች ለምርምር እንደማይበቁ ተቈጥረው ታልፈዋል። የግብዣውን ክብደት ማን እንደ ተሸከመው የሚታወቀው ግን ከነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚገለጸው በአዲስ አበባ ከተማ የተለመደ አንድ አዲስ ግብዣ ነው፤ ይኸውም ታላቅ የእግር ኳስ ግጥሚያ በሚደረግበት ምሽት ወዳጆችን ወደ ቤት ጠርቶ፣ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ ማብላትና ማጠጣት ነው። እርግጥ ከተመልካቹ ብዙው ጨዋታውን የሚያየው በቡና ቤት፣ በሆቴል፣ ወይም የመግቢያ ገንዘብ እየተከፈለ በሚገባበት የዲ. ኤስ. ቲቪ ቤት ነው። ሰውን ቤቱ ድረስ የሚጠራው ሳሎን ያለው፣ የሳተላይቱን ክፍያ የሚችል፣ ለዐሥርና ለዐሥራ አምስት ሰው የሚበቃ እንጀራ ማስጋገር የማያቅተው ባለ መካከለኛ ኑሮ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሕዝቡ ሁሉ ልማድ ነው ተብሎ መወሰድ የለበትም። ይሁን እንጂ በአስተማሪውም፣ በባንክ ሠራተኛውም፣ በነጋዴውም ቤት እየተደጋገመ የሚታይ ስለ ሆነ ሊጠና የሚገባው ልማድ ሆኖአል።

እግር ኳስ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ. ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የግብጽን ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ደስታው የስታዲየሙና የመንገዱ ነበር። ቴሌቪዥን ገና አልነበረምና በሳሎኑ ተቀምጦ ያንን ጨዋታ ያየ ሰው አልነበረም፤ ለእንግዳም ተብሎ በዚያ ምክንያት ድስት የጣደች እመቤት አልነበረችም ማለት ይቻላል። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ. ም. ሲሆን፣ መሣሪያው በየቤቱ እስኪዳረስ ድረስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የሳተላይት ሥርጭት ተስፋፍቶ የአውሮፓ ጨዋታ በየሳምንቱ መታየት ሲጀምር ግን ኳሱ በሳሎኑ ውስጥ ቋሚ እንግዳ ሆነ።

ይህ ግብዣ የቆየ ስም የለውም። ማኅበር ቢሆን የቅዱሱ ቀን በየወሩ ይመጣል፤ ጽዋውን የወሰደው ሰው የሚቀጥለው ደጋሽ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ እሱም ወሩን ሙሉ ሲዘጋጅ ይሰነብታል። ለቅሶ ቢሆን ዕድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱንና ሳህኑን ያወጣል፤ የሰፈሩ ሴቶችም እንጀራ በመሶብ ተሸክመው ይመጣሉ። ሠርግ ቢሆን ሽንኩርት ለመክተፍና በርበሬ ለማዘጋጀት ዘመድ ከቀኑ አስቀድሞ ይሰበሰባል። ከነዚህ ግብዣዎች ጋራ ለብዙ ዘመን የኖረ የሥራ ክፍፍል አለ። የእግር ኳሱ ምሽት ግን ተረኛ የለውም፤ የዕድር ዕቃ አይወጣለትም፤ ሽንኩርት የሚከትፍ ዘመድም አይጠራለትም። ጌታው ከሥራ ቦታው በስልክ «ዛሬ እኛ ቤት ነው» ይላል፤ እመቤቲቱም የእንግዶቹን ቍጥር በትክክል የምታውቀው በበሩ ሲገቡ ነው። ስድስት ተብለው ዐሥራ ሁለት መሆናቸው የተለመደ ነው፤ ወዳጅ ወዳጁን ይዞ ይመጣልና።

የነገሩ ዋና ቍልፍ ግን በጨዋታው ሕግ ውስጥ ይገኛል። በሁለቱ አጋማሾች መካከል ያለው ዕረፍት ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። በአገራችን ሥርዓት እንግዳን ማብላት ማለት በመጀመሪያ እጁን ማስታጠብ፣ ከዚያም አምስት ስድስት ሰው በአንድ ትሪ ዙሪያ ማስቀመጥ፣ ወጡን በላዩ እያወጡ መጨመር፣ «በሞቴ» እያሉ ማጕረስ፣ በመጨረሻም እንደገና ማስታጠብ ነው። ለአንድ ሰው እጅ ማስታጠቢያ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ቢታሰብ 15 እንግዶች ከ7 ደቂቃ በላይ ይወስዳሉ፤ ከማዕዱ ሲነሡ ደግሞ እንዲሁ ይደገማል። እንግዲህ ማንም አንድ ጉርሻ ሳይጐርስ ዕረፍቱ አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ትሪው ቀረ። ወጡ በየጐድጓዳው ሳህን ተደርጎ በጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ እንጀራው ተቈርጦና ተጠቅልሎ በአጠገቡ ይቀመጣል፤ እንግዳው ለየራሱ ሳህንና ሹካ አንሥቶ፣ ቀድቶ፣ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ይህን ሥልጣኔ ነው ብሎ ማለፍም፣ ባህል ጠፋ ብሎ ማልቀስም ችኮላ ይመስላል። ሰዎቹ ትሪውን ንቀውት አይደለም፤ ያው ሰው በማግሥቱ በቤቱ የሚበላው በትሪ ነው። ትሪውን ያስነሣው የሰዓቱ ማነስ ብቻ ነው።

የዚህ ለውጥ ውጤት ግን በምሽቱ አይታይም፤ የሚታየው በማግሥቱ በሳፋው ውስጥ ነው። 15 ሰዎች በትሪ ቢበሉ የሚታጠበው ሦስት ትሪና ጥቂት ድስት ነበር። ለየብቻ ሲበሉ ግን 15 ሳህን፣ 15 ሹካ፣ አምስት ወይም ስድስት ጐድጓዳ ሳህን ከነማንኪያው ይሆናል፤ ብርጭቆው ሳይቈጠር ከ40 የማያንስ ዕቃ ነው። በዚህም ላይ እንግዳው ሁለተኛው አጋማሽ ከጀመረ ተመልሶ እንደማይነሣ ስለሚያውቅ በአንድ ጊዜ ከሚበላው በላይ ያነሣል። በትሪ የሚበላ ሰው ሲጠግብ እጁን ይሰበስባል፤ ያልተነካውም በመሶቡና በድስቱ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። በሳህን የቀረው ግን በሹካ የተነካካ ስለ ሆነ ለማንም አይቀርብም፤ ለውሻ ይሆናል። በጤፍ መወደድ የምትጨነቅ እመቤት ጧት ሳህኖቹን ስታራግፍ የምትናገረውን ነገር በዚህ ገጽ መጻፍ አያስፈልግም።

ውሃም አለ። በአዲስ አበባ በብዙ ሰፈሮች ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ውሃ በሌለበት ቀን ጨዋታ ከሆነ፣ 40ውን ዕቃ ለማጠብና ለማለቅለቅ 20 ሊትር ከሚይዘው ጀሪካን ሁለት ወይም ሦስት ይፈጃል፤ ይህም ለቤተ ሰቡ መጠጥና ምግብ የተቀመጠ ነው። ሮቶ ያለው ቤት ይህን ችግር አያውቀውም። ሌላው ቤት ግን ወይ ዕቃውን በሳፋ ዘፍዝፎ ፈረቃው እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ወይ ከጎረቤት ውሃ ይበደራል። ውሃ መበደርም እንደ ስኳር መበደር ቀላል አይደለም፤ በየቀኑ እየተለካ የሚጠጣ ነውና።

የማግሥቱ ጧት በቤቱ ውስጥ ሲታይ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ ከቦታው ተነሥቶ ሁሉም ሊያየው ወደሚችልበት ግድግዳ ዞሮአል፤ ገመዱም በወለሉ ላይ ተጋድሞአል። ሶፋው ወደ ኋላ ተገፍቶ በምንጣፉ ላይ የእግሩን ጕድጓድ ትቶአል። በትራሶቹ መካከል ቆሎና የለውዝ ገለፈት ይገኛል፤ ፈንዲሻው ግብ በገባ ጊዜ ስለ ተበተነ ከጠረጴዛ ሥር እስከ መጋረጃው ድረስ ይለቀማል። ቆርኪውን ልጆች እየለቀሙ ለጨዋታቸው ያደርጉታል። በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ በመጽሐፉ መደርደሪያ ላይ፣ በአበባው ማሰሮ አጠገብ ግማሽ የቀረባቸው ብርጭቆዎች ይገኛሉ፤ ቆሞ የሚያይ ሰው ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጠ አያስታውስምና።

ቀጥሎ የጠርሙስ ቈጠራ ነው። የቢራው ሳጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል፤ ሳጥኑም ጠርሙሱም የባለ ሱቁ ስለ ሆኑ ተቈጥረው ይመለሳሉ። አንድ ጠርሙስ ቢጐድል ወይም ቢሰበር ዋጋው ይከፈላል። ይህን ቈጠራ ብዙ ጊዜ ራሱ ጌታው ያደርገዋል፤ ከማግሥቱ ሥራ ሁሉ በወንድ እጅ የሚሠራው ይህ አንዱ ብቻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ምክንያቱም ሳጥኑ ከባድ ስለ ሆነ ብቻ አይመስልም፤ ከባለ ሱቁ ጋራ ስለ ትናንቱ ጨዋታ ለመነጋገር ደህና አጋጣሚ ይሰጣልና።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንግዶቹ ጧት ገና አልሄዱም። የ2006 ዓ. ም. የዓለም ዋንጫ የተደረገው በብራዚል ስለ ነበር፣ ሐምሌ 6 ቀን በጀርመንና በአርጀንቲና መካከል የተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ በኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀመረ። ዘጠናው ደቂቃ ያለ ግብ አልቆ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተሄደ፤ ጀርመን ያሸነፈችበት ብቸኛ ግብ የገባችው በ113ኛው ደቂቃ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ እኩለ ሌሊት አልፎአል፤ ክረምት ነው፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ በቀላሉ አይገኝም። ሩቅ ሰፈር የሚኖር እንግዳ በሳሎኑ ፍራሽ ተነጥፎለት ያድራል። ያደረ እንግዳ ደግሞ ቁርስ ሳይቀምስ አይሸኝም። ማግሥቱ ሰኞ፣ የሥራ ቀን ስለ ነበር፣ እመቤቲቱ ራስዋ ወደ ቢሮ ከመሄድዋ በፊት ለአራት አምስት ሰው ፍርፍር ማቅረብ ነበረባት። በክረምት ጊዜ ጫማ ይዞት የገባው ጭቃና የታጠበው የሶፋ ልብስ አለመድረቅ ሲጨመርበት የዚያ ምሽት ማግሥት እስከ ረቡዕ ይደርስ ነበር ማለት ይቻላል።

ዳኛውና በረኛው የማያውቁት፣ ግን የኛን ማድ ቤት የሚገዛው ሌላው ነገር የጾሙ ቀመር ነው። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ግንቦት 20 ቀን 2014 ዓ. ም. በፓሪስ ሲደረግ ጊዜው በዓለ ኀምሳ ነበር። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምምና በየቤቱ የቀረበው ሥጋ ነበር። ጥሬው ሥጋ የተረፈው ቤት በማግሥቱ ይጠብሰዋል፤ ከዚያም የተረፈውን ዘልዝሎ፣ በርበሬና ጨው አሽቶ ለቋንጣ ይሰቅለዋል። ለብለብ ክትፎ ጧት በደንብ በስሎ ይበላል። በዚያ ቀን በፓሪስ ስታዲየም በር ላይ በተፈጠረው ችግር ጨዋታው ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘግይቶ መጀመሩም አይረሳም፤ የሩቅ አገር የበር ጠባቂ ሥራ ሲበላሽ በአዲስ አበባ ማድ ቤት የምትጠብቀው ሠራተኛ እንቅልፍ በዚያው ልክ ተቀነሰ።

ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሰኔ 3 ቀን 2015 ዓ. ም. የማንቸስተር ሲቲና የኢንተር ሚላን የፍጻሜ ጨዋታ በኢስታንቡል ሲደረግ ግን ጾመ ሐዋርያት ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ውድድሩ ያው፣ ቤቱ ያው፣ እንግዳውም ያው ሆኖ ማድ ቤቱ ሌላ ሆነ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት ቀረበ። በማግሥቱ የሚታየው ልዩነት ደግሞ ከምሽቱ ልዩነት ይበልጣል። ቅባቱ የዘይት እንጂ የቅቤ ስላልሆነ ሳህኑ በቀላሉ ይጠራል፤ የተረፈው ሽሮ ቢሞቅ ይበላል፤ ያደረው እንጀራ በሽንኩርት፣ በበርበሬና በዘይት ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያ የተረፈው በፀሓይ ደርቆ ድርቆሽ ይደረጋል። የኳታሩ የዓለም ዋንጫ ደግሞ አብዛኛው በጾመ ነቢያት ውስጥ የዋለ ሲሆን፣ አርጀንቲና ፈረንሳይን ከ3 ለ3 በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፈችበት የፍጻሜ ጨዋታ የተደረገው ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ. ም. በጾሙ መካከል ነው።

ጾሙ ያላሰበው ሌላ አገልግሎትም ሰጥቶአል። በአዲስ አበባ ለኳስ የሚሰበሰቡ ወዳጆች ብዙ ጊዜ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረው ናቸው። በፍስክ ጊዜ እመቤቲቱ የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ በየድስቱ ማዘጋጀት፣ ጭልፋውን መለየት፣ ማጠቢያውን ሳይቀር መለየት አለባት። የጾም ምግብ ግን ለሁሉም ይቀርባል፤ ሁለት ድስት የነበረው አንድ ይሆናል። ስለዚህ «በጾም እንግዳ መጥራት ይከብዳል» የሚለው አነጋገር ለእግር ኳሱ ምሽት ሲሆን የተገላቢጦሽ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሠራተኛዋ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ቤቶች የሚሠሩት ልጃገረዶች ከገጠር የመጡ ሲሆኑ፣ ከነሱ መካከል በማታ ትምህርት የሚማሩ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹም ሲቀጠሩ ከደመወዙ አስቀድመው የሚጠይቁት ይህንኑ ፈቃድ ነው። የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታዎች ደግሞ ከፍጻሜው በቀር የሚበዙት ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ይደረጋሉ፤ የትምህርት ቀን ናቸው። እንግዳ በተጠራበት ማታ ልጅቱ ትምህርት ቤት አትሄድም። «ለዛሬ ብቻ» ትባላለች፤ እሷም «እሺ እትዬ» ብላ ደብተርዋን ታስቀምጣለች። እንግዶቹ ሲወጡ ሌሊቱ ተጋምሶአል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ቁርስ ግን ያው ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል በፊት ይፈለጋል። 40ው ዕቃም ይጠብቃታል። ጌታው ቢሮ ደርሶ «ትናንት ሳልተኛ አደርኩ» ሲል ባልደረቦቹ ይስቁለታል፤ ለሷ ግን እንዲህ የሚላት ሰው የለም። በማኅበር ቀን ይህ አይሆንም ማለት አይደለም፤ ማኅበሩ ግን ቀኑ ከወር በፊት ስለሚታወቅ፣ የሚረዱም ሴቶች ስለሚመጡ፣ የሥራው ሸክም በአንዲት ልጅ ጀርባ ላይ ብቻ አይወድቅም።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ማግሥቱ እሑድ ወይም በዓል ከሆነ፣ ቡናው ይፈላል። የጎረቤት ሴቶች ያለ ጥሪ ይመጣሉ፤ በሌሊት ጩኸቱን ሰምተዋልና። በኮንዶሚኒየም ጩኸቱ በግድግዳው፣ በግቢ ቤት ደግሞ በአጥሩ ያልፋል። አቦሉ ሲጠጣ ስለ ጩኸቱ ይሣቃል፤ የተሸነፈው ቡድን ደጋፊ የሆነ የቤት ልጅ ካለ «እግዚአብሔር ያጽናህ» እየተባለ እንደ ለቅሶኛ ይጨበጣል። ሴቶች ከጨዋታው ውጭ ናቸው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ ከባልዋ ቡድን ሌላ የምትደግፍ ሚስት በዛሬው ጊዜ ብርቅ አይደለችም፤ እስዋም በማግሥቱ የራስዋን ድል ትናገራለች። ቀልዱ የሚቀረው ግን የአገር ቡድን የተሸነፈ እንደ ሆነ ነው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ. ም. ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ጥቂት ቀርቶአት በአዲስ አበባ በናይጄሪያ 2 ለ1 ስትሸነፍ፣ በአንዱ ግቢ ደስ ያለው በሌላው ግቢ ያዘነ አልነበረም፤ የሚቀለድበትም ሰው አልተገኘም።

በቶናው ላይ ወሬው ወደ ሥራው ይዞራል። ማን ስንት እንግዳ ተቀበለ፣ ማን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተጋበዘ፣ የማን ባል ግን እስካሁን አልጠራም የሚለው ነገር እንደ ዋዛ እየተነሣ ይመዘናል። ጨዋታውን ያዩት ወንዶች ስለ ተራ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሴቶቹ በቡናው ላይ ተራውን ይቈርጡታል። «የሚቀጥለው እነእትዬ እከሌ ዘንድ ይሁን» ከተባለ ወሬው በማታ ለባልየው ይደርሳል፤ እሱም ሐሳቡ የራሱ እንደ ሆነ አድርጎ ወዳጆቹን ይጠራል። ጽዋ የሌለው ማኅበር በዚህ አኳኋን ተረኛ እያገኘ ሄዶአል።

ሥራውን የማቅለያው ዘዴም እንዲሁ ከማድ ቤት የመነጨ ነው። አንዳንዶቹ እመቤቶች እንግዶቹን ጨዋታው ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ያስጠራሉ፤ እጅ ይታጠባል፣ ትሪው ይቀርባል፣ በሥርዓቱ ይበላል፤ ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ማዕዱ ተነሥቶአል። ይህ መንገድ ትሪውንም ጉርሻውንም ይመልሳል፤ ዕቃውም እንግዳ ሳለ ይታጠባል። ችግሩ እንግዳው በሰዓቱ መምጣቱ ነው፤ በዚህ ረገድ የከተማችን ልማድ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ መናገር አያሻም። ሌሎች ደግሞ ሳህን የማይጠይቅ ምግብ ያቀርባሉ፤ ሳምቡሳ፣ ዳቦ በጥብስ፣ ቆሎ። እንጀራ ያልቀረበለት እንግዳ ግን በልቶ እንዳልሄደ ይቈጠራልና፣ ይህን የምታደርገው ሴት ለአማትዋ መልስ ማዘጋጀት ይኖርባታል። የወረቀት ሳህን በገበያ ይገኛል፤ ለልጆች የልደት በዓል ሲሆን ይወደዳል፤ ለትልቅ ሰው ማቅረብ ግን እስካሁን እንደ ንቀት የሚታይበት ቤት ይበዛል።

በአሜሪካን አገር ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ ወር በአንድ እሑድ የሚደረገው የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦል የሚባለው፣ በየቤቱ ወዳጅ የሚጠራበት ቀን ነው። እንግዳው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ የዶሮ ክንፍ በእጅ ይበላል፤ የወረቀት ሳህን ተጠቅልሎ ይጣላል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከሁለቱ ልማድ መካከል ሆነዋል። የኳታሩ የፍጻሜ ጨዋታ በዚያ የጀመረው እሑድ ከጧቱ በ4 ሰዓት ስለ ነበር ከቅዳሴ ጋራ ተጋጨ፤ ያለቀው ግን ገና በቀትር ነው። ቀን ስለ ሆነ፣ በቤትም ሠራተኛ ስለሌለ፣ ዕቃው እንግዶቹ ሳይበተኑ በእንግዶቹ እጅ ሊታጠብ ቻለ። ማግሥት ሳይመጣ የማግሥቱ ሥራ አለቀ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ግን እንግዳ ተነሥቶ ሳህን ልጠብ ቢል የቤቱን ሰዎች እንዳዋረደ ይቈጠራል፤ «ምን ሆነሃል፣ ተቀመጥ!» ተብሎ ይመለሳል። ወጣት ባልና ሚስት ብቻ በሚኖሩበት ቤት ባልየው ሌሊቱን ብርጭቆውን አጥቦ የሚያድርበት ጊዜ መጥቶአል፤ ይህንን ግን ለእናቱ አይነግራትም።

የመጨረሻው የማግሥት ሥራ የሰው ዕቃ መመለስ ነው። ወንበሩ ከግራ ጎረቤት፣ ትልቁ ድስት ከቀኝ፣ ሲኒው ከማዶ ቤት የመጣ ነው። ዕቃው ከሥሩ በቀለም ወይም በሌላ ምልክት ስለሚታወቅ ብዙ ጊዜ አይምታታም። ወንበር ባዶውን ይመለሳል፤ የምግብ ዕቃ ግን ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ በሳህኑ ከተረፈው ምግብ፣ ወይም ጥቂት ዳቦ ይደረግበታል። እዚህም ላይ ጾሙ ይገባል። ግጥሚያው በፍስክ ቀን ሆኖ ዕቃው የሚመለሰው ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ የተረፈው ሥጋ ለሚጾም ጎረቤት አይላክም፤ እመቤቲቱም ወይ ሌላ ነገር ታዘጋጃለች፣ ወይ ዕቃውን አንድ ቀን ታሳድረዋለች። አንድ ቀን ያደረ ዕቃ ደግሞ ተረስቶ ሳምንት ያድራል፤ ባለቤቲቱም ነውር ስለ ሆነባት አትጠይቅም፤ ሌላ እንግዳ እስኪመጣባት ድረስ በዝምታ ትጠብቃለች፤ ከዚያም ልጅዋን «ድስታችንን ተቀበል፣ ካልጨረሱበት ግን ተወው» ብላ ትልካለች።